ትንሽ ክፋት ጨምሪበት

ባለፈው ክረምት እዚሁ ወለንጪቲ፣ በወጣቶች የሥነ ጽሑፍ ምሽት ላይ፣ አንዲት እህት ከደብተሯ አንድ ታሪክ አነበበችልን። ታሪኩ ከቦሰት ተራራ ሥር ስላለ የምናብ አገር ነው። በዚያ አገር ውኃ የሚቀዳው በአንድ ዘንዶ ፈቃድ ነው። ባለታሪኳ ደግሞ ለሁሉም የምትራራ፣ ዘንዶው ሲታመም ለእሱም ሳይቀር ውኃ የምታቀርብ ልጅ ነች። አንብባ ስትጨርስ ከኋላ የተቀመጡ ወንድሞች «ጥሩ ነው፤ ግን ልጅቷ ትደብራለች» አሉ። «ዘንዶው ይሻላል» ያለም ነበር። ሁላችንም ሳቅን። እኔም አስተያየት ስጠየቅ፣ መምህር ነኝና አዋቂ መስዬ፣ «ትንሽ ክፋት ጨምሪበት፤ ያን ጊዜ ነፍስ ይዘራል» አልኳት።

በሚቀጥለው ወር አሻሽላው መጣች። ልጅቷ ውኃው ውስጥ መርዝ ጨምራ ዘንዶውን ገደለችው። ጭብጨባው ደመቀ። ስንወጣ ግን በር ላይ ጠብቃ አንድ ነገር ጠየቀችኝ፤ «መምህር፣ ደግ ሰው በታሪክ ውስጥ የሚደብር ከሆነ፣ በኑሮስ?»

መልስ አልነበረኝም። ይህን የምጽፈው ያን ምክሬን ለመቃወም ነው። እናንተም እንደ እኔ ስትናገሩ እሰማለሁና፣ ክርክሩ ከእናንተም ጋር ነው።

በመጀመሪያ የተቃራኒውን ወገን ሐሳብ በቅንነት ላስቀምጥ። «ደግ ሰው ምን እንደሚያደርግ አስቀድሞ ይታወቃል፤ የማይታወቀው ክፉው ነው። ስለዚህ ታሪክን የሚያንቀሳቅሰው ክፉው ነው» ይባላል። ይህ ባዶ ክርክር አይደለም። እንግሊዛዊው ሚልተን በ1667 ስለ ገነት መጥፋት ባሳተመው ታላቅ ግጥም ውስጥ ከሁሉ ይልቅ የሚስበው ሰይጣን ነው ብለው የጻፉ ብዙ አንባቢዎች አሉ። በእኛም ዘንድ ተንኮለኛዋን ጦጣ የማይወድ ልጅ የለም።

ነገር ግን ጦጣዋን ያወረሱን እነዚያው ተረት ነጋሪዎች አህያዋንም አውርሰውናል። ተረቱን ታውቁታላችሁ። ድርቅ ሆነ፤ አንበሳ፣ ነብር፣ ጅብና አህያ ተሰብስበው «ይህ የመጣብን ከመካከላችን ኃጢአት የሠራ ቢኖር ነው፤ እንናዘዝ» ተባባሉ። አንበሳ በሬ ሰብሬ በላሁ አለ፤ «ይህማ ኃጢአት አይደለም» አሉት። ነብር ፍየል፣ ጅብ ዶሮ መብላታቸውን ተናገሩ፤ እነሱም ነጻ ወጡ። አህያዋ ግን ጌታዋ መንገድ ላይ ቆሞ ከወዳጁ ጋር ሲያወጋ ጥቂት ሣር መንጨቷን ስትናገር፣ «ድርቁን ያመጣሽብን አንቺ ነሽ!» ብለው ተቀራመቷት።

እስቲ ንገሩኝ፤ ይህን ተረት ከሰማችሁ በኋላ አብራችሁ የሚያድር ማን ነው? አንበሳው ነው? ድርቅን በምናውቅ በእኛ አገር፣ ውኃ ጭና የምታልፍ አህያ በየቀኑ በምናይባት ከተማ፣ እኔን የምትከተለኝ ያቺ አህያ ነች። የሦስቱን ግፍ ያሳየን የእሷ ንጽሕና ነው። እሷን ከታሪኩ ብታወጧት የሚቀረው ሦስት አውሬዎች ሥጋ ስለ መብላት ሲያወሩ ብቻ ነው።

እርግጥ ነው፣ አህያዋ ምርጫ አልነበራትም፤ ስለዚህ ታሪኳ አጭር ነው። ረጅም ታሪክ ለመሸከም ንጽሕና ብቻውን አይበቃም። ደግነት ያስፈልጋል፤ ደግነት ማለት ደግሞ ሌላ ነገር ማድረግ የሚችል ሰው የሚመርጠው ምርጫ ነው። እኛ ግን «የዋህ» የሚለውን ቃል ከ«ሞኝ» ጋር አንድ አድርገነዋል። «ምስኪን፣ የዋህ እኮ ነው» ስንል «ቢያታልሉት አይነቃም» ማለታችን ነው። ጌታችን ግን በማቴዎስ 10፥16 ላይ ደቀ መዛሙርቱን ሲልክ የእባብን ልባምነትና የርግብን የዋህነት በአንድ ዓረፍተ ነገር አጣምሮ ነው ያዘዛቸው። ልባም የሆነ የዋህ ምን እንደሚመጣበት ያውቃል፤ እያወቀም ይሄዳል። እንዲህ ያለው ሰው ይደብራል?

በአማርኛ የመጀመሪያው ልብ ወለድ የተነሣው ከዚህ ነው። አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ «ልብ ወለድ ታሪክ» ብሎ በሮም ያሳተመው በ1908 እ.ኤ.አ. ነው፤ በኋላ «ጦቢያ» በሚለው ስም ታወቀ። አገሩና ዘመኑ በትክክል አይነገርም፤ ነገሩ ሁሉ ተረት ተረት ይላል። የታሪኩን መንኰራኵር የሚያንቀሳቅሰው ምን ይመስላችኋል? ሤራ አይደለም። አንድ ነጋዴ ምርኮኛው የጦር አለቃ ነጻ እንዲወጣ ያለ አንዳች ጥቅም ገንዘብ ሰጠ። የአለቃው ልጅ ዋሕድ የዚህን ሰው ውለታ ካልመለስኩ ብሎ ከቤቱ ወጣ፤ ወጥቶም ለባርነት ተሸጠ። እኅቱ ጦቢያ የወንድ ልብስ ለብሳ ከአባቷ ጋር ፍለጋ ተነሣች። መከራው ሁሉ፣ መጨረሻ ላይ የሚመጣው ደስታም ሁሉ፣ የተወለደው ከአንድ ደግነትና ከአንድ ውለታ አዋቂ ልብ ነው።

ከባሕር ማዶም እንዲሁ ነው። ሲ. ኤስ. ሉዊስ በ1950 ባሳተመው የመጀመሪያው የናርኒያ መጽሐፍ ውስጥ ሉሲ የምትባል ትንሽ ልጅ አለች (የእኛዋን ድንቅነሽን ማለቴ አይደለም)። በልብስ ቁም ሣጥን ውስጥ አልፋ ሌላ ዓለም አየች፤ ወንድሞቿና እኅቷ አላመኗትም። «ቀልዴን ነው» ብትል ዕርቅ ይወርድ ነበር። እሷ ግን አልዋሸችም፤ ብቻዋን ተከፋች። ቶልኪን በ1954 እና በ1955 ባወጣው የቀለበቱ ታሪክ ደግሞ ፍሮዶ ሊገድለው ሲችል ለጎለም ራራለት። በመጨረሻው ሰዓት ፍሮዶ ራሱ ተሸንፎ ቀለበቱን አልጥልም ሲል፣ ቀለበቱ እሳት ውስጥ የገባው በዚያው በተራራለት በጎለም ምክንያት ነው። ምሕረቱን ከታሪኩ ብታወጡት ዓለሙ ሁሉ ይጠፋል።

ከሁሉ በላይ ዮሴፍን አስቡት። ዘፍጥረት 42ን ስታነቡ የሚያስጨንቃችሁ የወንድሞቹ ክፋት አይደለም፤ እሱን አስቀድማችሁ ታውቁታላችሁ። የሚያስጨንቃችሁ ደጉ ሰው ነው። ሥልጣን በእጁ ነው፤ እህሉ በእጁ ነው፤ ወንድሞቹ ከፊቱ ተደፍተዋል። ዘወር ብሎ አለቀሰ፤ ተመልሶም ስምዖንን አሰረ። ይበቀል ይሆን? እስከ ምዕራፍ 45 ድረስ ትንፋሻችንን ይዘን እንከተለዋለን። እንግዲህ «ደግ ሰው ምን እንደሚያደርግ አስቀድሞ ይታወቃል» የሚለው ክርክር እዚህ ላይ ወደቀ።

ታዲያ ደጉ ሰው የሚደብረን ለምንድን ነው? እዚህ ላይ ጣቴን ወደ ራሳችን እቀስራለሁ። በየመድረካችን የምናቀርባቸውን ድራማዎች አስታውሱ። ደጉ ወጣት ሸሚዙ ነጭ ነው፤ ሲፈተን ላብ አይወጣውም፤ ሲሰደብ አይቆጣም፤ በሦስተኛው ትዕይንት ሥራም፣ ትዳርም፣ ቪዛም ያገኛል። ጠጪውና ዘራፊው ግን ያመነታል፣ ይስቃል፣ ያለቅሳል፣ የሚጣፍጥ ቋንቋም ተሰጥቶታል። ሰውነትን ሁሉ ለክፉው ሰጥተን ለደጉ ስብከት ብቻ ካስቀረንለት፣ ተመልካቹ ክፉውን ቢወድ ማንን እንወቅሳለን? ያደበረው ደግነቱ አይደለም፤ ዋጋ ያላስከፈልነው ደግነት ነው። ከዚህም የሚብሰው፣ እንዲህ ስናሳይ ወጣቱን እየዋሸነው ነው። ደግ ሆኖ ሥራ ያጣ፣ እውነት ተናግሮ ወዳጅ የተለየው ልጅ አዳራሹ ውስጥ ተቀምጦ ያየናል፤ የራሱንም ታሪክ በመድረኩ ላይ አያገኝም።

ስለዚህ ለምትጽፉ ሁሉ የምለው ይህ ነው። ደጉ ገጸ ባሕርያችሁ ሲደብራችሁ ክፋት አትጨምሩበት፤ ምርጫ ጨምሩበት። መበቀል የሚችልበትን ቀን ስጡት። ውሸት የሚያድነውን ሰዓት አምጡበት። ይራብ፤ ይፍራ፤ ይቆጣ፤ አንድ ጊዜም ይውደቅ። ከዚያም የመረጠውን እንይ።

አንቺ እህቴ፣ ይህን ካነበብሽ፣ የዚያን ምሽት ምክሬን መልሼ ወስጃለሁ። የመጀመሪያውን ደብተርሽን አምጪው። ልጅቷ ለታመመው ዘንዶ ውኃ ይዛ ትሂድ፤ ግን እንስራዋ ውስጥ ያለው ለቤቷ የቀረው የመጨረሻው ውኃ ይሁን፤ ታናሽ ወንድሟም ቤት ሆኖ ውኃ እያለ ይጥራት። ያን ገጽ ስታነቢልን ከኋላ የተቀመጡት ዝም ይላሉ።

በበር ላይ ለጠየቅሽኝም መልሴ፦ አይደብርም። እኛ ነን አሳንሰን የጻፍነው።