ኢንስፔክተሩ የማያያቸው ልጆች

ኢንስፔክተር ይመጣል በተባለ ሳምንት ግቢው ይጠረጋል፤ ግድግዳው ኖራ ይቀባል፤ ለወራት የተዘነጋው መዝገብም በአንድ ሌሊት ይሞላል። እንግዳው ሲሄድ ሁሉም እንደ ነበረ ይሆናል። ይህን ልማድ በወላይታም ሆነ በሌላው የአገራችን ክፍል የተማርን ሁሉ እናውቀዋለን።

ቁጥጥሩ አዲስ ነገር አይደለም። በ1934 ዓ.ም. ኢንስፔክሽን ተብሎ ተጀመረ፤ በ1955 ሱፐርቪዥን ተባለ፤ በ1974 ወደ ቀድሞ ስሙ ተመለሰ፤ በ1986 እንደገና ሱፐርቪዥን ሆነ። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የኢንስፔክሽን ማዕቀፍ ደግሞ ትምህርት ቤቶችን በ26 ስታንዳርዶች እየመዘነ ከ1 እስከ 4 ደረጃ እንዲሰጥ አደረገ፤ ከመቶው 25ቱን ለግብዓት፣ 35ቱን ለሂደት፣ 40ውን ለውጤት ደለደለ። ስሙ ይህን ያህል ቢለዋወጥም ጥያቄው አንድ ነው፤ ልጁ ከዚህ ግቢ ምን ይዞ ይወጣል?

እዚህ ላይ አንድ አደጋ ይታየናል። ትልቁ ነጥብ የውጤት በመሆኑ፣ ነገሩን በቁጥር ብቻ የሚመለከት ርእሰ መምህር ጆሮዋ የከበዳትን ወይም ፊደል ቶሎ የማይገባውን ልጅ እንደ ሸክም ሊቆጥር ይችላል። ያልተመዘገበ ልጅ በፈተና አይወድቅምና! አገራችን ግን በ2002 ዓ.ም. የአካል ጉዳተኞችን መብት ስምምነት ስታጸድቅ፣ እነዚህ ልጆች ከእኩዮቻቸው ጋር እንዲማሩ ቃል ገብታለች። በሶዶ የኦቶና የዓይነ ሥውራን ትምህርት ቤት የታወቀ ነው፤ ሆኖም ከሁምቦ እስከ ኪንዶ ዲዳዬ ያለውን ልጅ ሁሉ አንድ ትምህርት ቤት አይችለውም። ደግሞም ብዙው እርዳታ ገንዘብ አይጠይቅም። ልጁን ከፊት ማስቀመጥ፣ ወደ ክፍሉ ዞሮ መናገር፣ በሰሌዳ የተጻፈውን ድምፅ አሰምቶ ማንበብ፣ በፈተና ጊዜ ደቂቃ መጨመር፣ ይህ ሁሉ የርእሰ መምህሩን ትእዛዝና የመምህሩን ትጋት ብቻ የሚፈልግ ነው።

ሁለተኛው ጉዳይ የልጆች ደኅንነት ነው። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 36 ሕፃናት በትምህርት ቤት ከአካል ቅጣት ነጻ እንዲሆኑ ደንግጓል፤ አርጩሜው ግን ዛሬም ከየክፍሉ አልጠፋም። ከዚህ የሚብስም አለ። ሴት ተማሪን የደፈረ ወይም ያስፈራራ መምህር በዝምታ ወደ ሌላ ትምህርት ቤት ቢዛወር፣ አደጋው ወደ ሌሎች ልጆች ተላከ እንጂ ቅጣት አልተፈጸመም። ነገሩ ለፖሊስና ለሴቶችና ሕፃናት ጉዳይ ጽሕፈት ቤት መድረስ አለበት። ተማሪዎችም ቢያንስ አንዷ ሴት የሆነች፣ ምሥጢራቸውን የሚነግሯቸው ሁለት መምህራን እንዳሉ በግልጽ ይነገራቸው።

ሶዶ የብዙ መንገዶች መገናኛ ናት። በደላላ ተስፋ ተታለው ለሊስትሮነት፣ ለሱቅ በደረቴና ለቤት ሠራተኝነት ወደ አዲስ አበባ የሚሄዱ ልጆች መጀመሪያ የሚጎድሉት ከስም መጥሪያው ላይ ነው። ታዲያ በሦስተኛው ቀን ወላጅን ማን ጠየቀ? ቀበሌውን፣ ዕድሩን፣ ቤተ ክርስቲያኑን ማን አነጋገረ? የዓመቱ መጨረሻ ደርሶ «አቋርጧል» ብሎ መጻፍ ጥበቃ አይባልም።

ክፍሉ ተጨናንቋል፣ በጀት የለም የሚለውን መልስ አንንቀውም። በ2016 ዓ.ም. በወላይታ መምህራን ደመወዛቸው ዘግይቶባቸው መቸገራቸውን አልረሳንም። የተራበ መምህር ለሌላው ልጅ ዘብ ቁም ቢሉት ከባድ ነው። ስለዚህ ምዘናው ወደ ታች ብቻ የሚወርድ መሆን የለበትም፤ ወረዳውና ዞኑም ምን እንዳደረጉ በዚያው ሪፖርት ይጠየቁ።

ለርእሳነ መምህራን የምናቀርበው ምክር አጭር ነው። ኢንስፔክተሩ ሲመጣ ከተቀባው ግድግዳ በፊት ሦስት ዝርዝር ያቅርቡለት፤ ልዩ ድጋፍ የሚሹ ልጆች፣ ከትምህርት የቀሩ ልጆች፣ ለእያንዳንዳቸውም የተደረገው ነገር። ሳይደረግ የቀረውም ሳይደበቅ ይጻፍ። ከእኛም መካከል ብዙዎች ነገ መምህራንና ርእሳነ መምህራን እንሆናለን። በዚህ ግቢ አብረውን የሚማሩትን ዓይነ ሥውራን ወንድሞቻችንንና እኅቶቻችንን እዚህ ያደረሳቸው ምን እንደሆነ ከአሁኑ እንጠይቃቸው፤ ከብዙ መመሪያ የበለጠ ያስተምሩናል።