ቶም ፊኒን «ታማኝ» ከማለታችን በፊት

የዝውውር መስኮት በተከፈተ ቁጥር «ድሮ ተጫዋች የሚሞተው ለማልያው ነበር» የሚል ወሬ ይነሳል። እንግሊዞች ለዚህ ምስክር አድርገው ከሚጠሯቸው ቀዳሚዎች አንዱ የክንፍ ተጫዋቹ ቶም ፊኒ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1946 እስከ 1960 በሊጉ ለተወለደባት ከተማ ክለብ ለፕሪስተን ኖርዝ ኤንድ 433 ጊዜ ተሰልፎ 187 ጎል አገባ፤ በእንግሊዝ ሊግ የሌላ ክለብ ማልያ ለብሶ አያውቅም። ለብሔራዊ ቡድኑ በ76 ጨዋታ 30 ጎል አለው። ተፈጥሮው ግራኝ ነበር፤ ቀኝ እግሩን በልምምድ አሠልጥኖ በሁለቱም መስመር ተከላካይ ያስጨንቅ ነበር።

እንደ ፊኒ ያለ ተጫዋች እወዳለሁ። ያላመንኩበት ስለ ታማኝነቱ የሚነገረው ነው።

አባቱ «መጀመሪያ ሙያ ያዝ» ብለውት የቧንቧ ሥራ ተማረ፤ የአገሩ ኮከብ ከሆነ በኋላም አልተወውም። «የፕሪስተኑ ቧንቧ ሠራተኛ» ይሉታል፣ በፍቅር። እኔን ግን ይህ ቅጽል ስም የሚያስታውሰኝ ደመወዙን ነው። በ1952 የእንግሊዝ ሊግ ለማንም ተጫዋች በሳምንት ከ14 ፓውንድ በላይ እንዳይከፈል ከልክሎ ነበር። ስታዲየሙ በሰው ቢሞላ፣ ያን ሁሉ ሕዝብ የጠራው አንድ ሰው ቢሆን፣ የደመወዙ ጣሪያ አይነቃነቅም።

በዚያው ዓመት ግንቦት ብሔራዊ ቡድኑ ጣሊያን ሄደ። የፓሌርሞ ክለብ ባለቤት የነበረው የሲሲሊ ልዑል ፊኒን አግኝቶ ጥያቄ አቀረበለት፦ ለፊርማ 10,000 ፓውንድ፣ በወር 130 ፓውንድ ደመወዝ፣ በዚያ ላይ ጉርሻ፣ ቪላና መኪና። ስሌቱን እንሥራው። የፊርማው ገንዘብ ብቻ ፕሪስተን በሳምንት 14 ፓውንድ ሂሳብ ከ13 ዓመት በላይ የሚከፍለውን ያህላል። ፊኒ ያኔ 30 ዓመት ሞልቶታል፤ ለክንፍ ተጫዋች ሩጫው መቀነስ የሚጀምርበት ዕድሜ ነው። ነገሩን ይዞ ወደ ክለቡ ሊቀመንበር ሄደ። መልሱ አጭር ነበር፦ አንለቅህም።

ክለቡ ይህን ለማለት የውል ዘመን እንኳ አያስፈልገውም ነበር። በጊዜው ደንብ ውል ቢያልቅም የተጫዋቹ ምዝገባ በክለቡ እጅ ይቆያል፤ ክለቡ ካልፈቀደ ሌላ ቦታ መጫወት የለም። እጅ ከወርች አስሮ «ከእኛ ጋር ነው» ማለት ይቻላል እንጂ ታማኝነት የምንለው ሰው መሄድ እየቻለ ሲቀር ነው። ምናልባት ፊኒ በሩ ክፍት ቢሆንም ይቀር ነበር። ከተማዋን ይወድ ነበርና። የመወሰኑን ዕድል ግን ማንም አልሰጠውም፤ ቅር የሚለኝም ይኸው ነው።

የቀረው ለዋንጫ ነው እንዳንል፣ ከፍተኛ ዋንጫ አላነሳም። ፕሪስተን በ1953 ከአርሴናል ጋር በነጥብ እኩል ሆኖ በጎል ስሌት ተበልጦ ሁለተኛ ወጣ። በ1954 የኤፍ ኤ ካፕ ፍጻሜም በዌስት ብሮም 3 ለ 2 ተሸነፈ። ፊኒ በዚያ ዓመትና በ1957 የዓመቱ ምርጥ ተጫዋች ተብሏል፤ ሽልማቱን ሁለት ጊዜ የወሰደ የመጀመሪያው ሰው ነው።

ጫማውን የሰቀለው በ1960 ነው። የደመወዝ ጣሪያው የተነሳው በጥር 1961፣ ወራት ብቻ ቆይቶ ነው። ጆርጅ ኢስትሃም የተባለ ተጫዋች ኒውካስልን ከስሶ የዝውውሩን ደንብ በፍርድ ቤት ያስመታው ደግሞ በ1963። ፕሪስተን ፊኒ በወጣ በዓመቱ ከአንደኛው ዲቪዚዮን ወረደ፤ ከዚያ ወዲህ ወደ ከፍተኛው ሊግ አልተመለሰም።

ዛሬ በፕሪስተኑ ዲፕዴል ስታዲየም ደጃፍ ሐውልቱ ቆሟል። በ1956 የቼልሲ ሜዳ ስታምፎርድ ብሪጅ በዝናብ ኩሬ ሆኖ ሳለ፣ ፊኒ ውሃውን በዙሪያው እየረጨ ተከላካዮችን ሲያልፍ ከተነሳ ፎቶ የተቀረጸ ነው። ፊኒ እስኪሞት ድረስ በክለቡ ላይ ቂም አልያዘም። ይህ ስለ እሱ ደግነት ይናገራል፤ የከለከሉትን ሰዎች ግን ነጻ አያወጣም።