ለትንሽ ሳተላይት የሚበጀው የትኛው ሮኬት ነው?

ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም የኢትዮጵያ የመጀመሪያዋ ሳተላይት ኢቲአርኤስኤስ-1 ከቻይናው ታይዩዋን ማዕከል ስትመጥቅ ሮኬቱ የተዘጋጀው ለእርሷ ብቻ አልነበረም። 70 ኪሎ ግራም ገደማ የምትመዝነው ሳተላይት ከቻይናና ከብራዚል የጋራ ሳተላይት ጎን በደባልነት ተጓዘች። እንዲህ ባለው ጉዞ የመነሻውን ቀንና ምሕዋሩን የሚወስነው ዋናው ጭነት ነው። ሰብልን ለመከታተል የታሰበ ሳተላይት አንድ መኸር ካመለጠው ደግሞ ያ መኸር አይመለስም።

ለአነስተኛ ጭነት ብቻ የሚሠሩ ትንንሽ ሮኬቶች የመጡት ይህን ጥገኝነት ለመቀነስ ነው። በእነርሱ ዘንድ ትልቁ ጥያቄ የነዳጅ ምርጫ ሲሆን፣ ምርጫው ከዋጋ አልፎ ከበረራው መስመር በታች የሚኖረውን ሕዝብ ይነካል።

ኢቲአርኤስኤስ-1ን የወሰደው ሎንግ ማርች 4ቢ የሚነዳው ከሃይድራዚን ወገን በሆነ ነዳጅና በናይትሮጂን ቴትሮክሳይድ ነው። ሁለቱ ፈሳሾች ሲገናኙ ያለ ክብሪት ይቀጣጠላሉ፤ ብርቱ ማቀዝቀዣም አያሻቸውም። ለአሥርተ ዓመታት ተመራጭ ያደረጋቸውም ይኸው ነው። ይሁን እንጂ ሁለቱም መርዝ ናቸው። የቻይና ነባር የማስወንጨፊያ ማዕከላት ከባሕር የራቁ በመሆናቸው ነዳጁን የጨረሰው የሮኬት ክፍል የሚወድቀው በየብስ ላይ ነው። በሰኔ 2016 ዓ.ም በጉዪዡ ግዛት አንድ የሮኬት ክፍል ቢጫ ጭስ እየተፋ በመንደር አቅራቢያ ሲወድቅና ነዋሪዎች ሲሸሹ የሚያሳዩ ምስሎች ወጥተዋል። ከሳተላይቱ ምንም የማያገኝ ገበሬ የሌላውን ጉዞ ሥጋት ይሸከማል።

ታኅሣሥ 13 ቀን 2013 ዓ.ም ሁለተኛዋን የኢትዮጵያ ሳተላይት ያደረሰው ሎንግ ማርች 8 ግን በባሕር ዳርቻ ከሚገኘው ዌንቻንግ የተነሣ፣ የተጣራ ነጭ ጋዝ፣ ሃይድሮጂንና ፈሳሽ ኦክሲጂን የሚጠቀም ሮኬት ነው።

የነዳጅ ብቃት የሚለካው በሴኮንድ ነው፤ አንድ ኪሎ ነዳጅ የአንድ ኪሎ ያህል ግፊት ለስንት ሴኮንድ ይሰጣል እንደ ማለት ነው። ከአየር ውጭ ሃይድሮጂን 450 ገደማ፣ ነጭ ጋዝ 340 ገደማ፣ ደረቅ ነዳጅ ደግሞ 285 ገደማ ይሰጣሉ። ሃይድሮጂንን የሚያህል የለም። ሆኖም ፈሳሽ ሆኖ እንዲቆይ ከዜሮ በታች 253 ዲግሪ መቀዝቀዝ አለበት፤ አንድ ሊትሩም 70 ግራም ገደማ ብቻ ስለሚመዝን እጅግ ሰፊ ጋን ይፈልጋል። በትንሽ ሮኬት ላይ ትርፉን ጋኑ ይበላዋል።

ከኒውዚላንድ የሚነሣው ኤሌክትሮን፣ ቁመቱ 18 ሜትር፣ ጭነቱ እስከ 300 ኪሎ ግራም፣ የመረጠው ነጭ ጋዝንና ፈሳሽ ኦክሲጂንን ነው። የተለየ የሚያደርገው ፓምፑ ነው። በአብዛኞቹ ትልልቅ ሮኬቶች ፓምፑን የሚያሽከረክረው ከነዳጁ ከፊሉን የሚያቃጥል ተርባይን ሲሆን፣ የኤሌክትሮን ፓምፕ ግን በባትሪ ይሠራል። የመስኖ ፓምፑን ከናፍጣ ወደ ኤሌክትሪክ የቀየረ ገበሬ ልዩነቱን ያውቀዋል፦ አሠራሩ ይቀላል፣ ቁጥጥሩም ይመቻል። ጉድለቱ፣ ነዳጅ ሲቃጠል ክብደት ሲቀንስ ባትሪ ግን ባዶ ሆኖም ያው ክብደቱ መሆኑ ነው። ስለዚህ ሮኬቱ ያለቁትን ባትሪዎች በጉዞ ላይ ይጥላል።

ሕንድ በኤስኤስኤልቪ ሮኬቷ የተለየ መንገድ ይዛለች። ሦስቱ ዋና ክፍሎቹ ደረቅ ነዳጅ ይጠቀማሉ። ደረቅ ነዳጅ ተሞልቶ ለረጅም ጊዜ ሊቀመጥ ስለሚችል ሮኬቱ በጥቂት ሰዎችና በጥቂት ቀናት ይዘጋጃል። ግን እንደ ርችት አንዴ ከተለኮሰ መልሶ አይጠፋም፤ ስለዚህ ምሕዋሩን የሚያስተካክል ትንሽ የፈሳሽ ነዳጅ ክፍል በአናቱ ተጨምሮለታል። ነሐሴ 2014 ዓ.ም የመጀመሪያ በረራው ከሸፈ፤ ሁለተኛው ክፍል ሲለያይ የተፈጠረው ንዝረት የመለኪያ መሣሪያዎቹን አሳስቶ ሳተላይቶቹ ከተገቢው በታች ተለቀቁ። በየካቲት 2015 ዓ.ም ተሳክቶለታል።

ከእበት በሚገኘው ባዮጋዝ ውስጥ የሚበዛው ሚቴንም ወደ ውድድሩ ገብቷል፤ ለጊዜው ግን ይበልጥ የሚታየው በትልልቆቹ ሮኬቶች ላይ ነው።

በአሁኑ ሁኔታ ለትንሽ ሮኬት ሚዛን የሚደፋው ነጭ ጋዝ ይመስላል። ዋጋው ግን ሌላ ነገር ነው። አንድ ሙሉ ኤሌክትሮን ከ7 ሚሊዮን ዶላር በላይ ሲጠይቅ፣ 50 ኪሎ ግራም ሳተላይት በስፔስኤክስ ትልቅ ሮኬት በደባልነት ለመላክ ከ300 ሺህ ዶላር ከፍ ያለ ገንዘብ ይበቃል። ቀኑን መጠበቅ የሚችል አገር ደባልነቱን ይመርጣል፤ የራሱን ምሕዋርና የራሱን ወቅት የሚፈልግ ግን ልዩነቱን ይከፍላል።