ጤናችን፦ ያቺ ትንሽ ጭረት

ዛሬ ስለ ቁስል እናነባለን።

የምናስተምርበት ጣቢያ ቆላ ውስጥ ነው። ሁሌ ፊት ለፊት የሚቀመጥ የ14 ዓመት ልጅ ነበረን። በድንገት ወደ ኋላ ሄዶ መቀመጥ ጀመረ። እግሩን በኩታው ይሸፍናል። ዝንብ አይለየውም። ጓደኞቹ «ምንድን ነው የሚሸተው?» እያሉ ይንሾካሾኩ ጀመር። ከዚያ ከትምህርቱ ቀረ።

ቤቱ ድረስ ሄድን። እናቱ «ጥላ ወጊ መትቶብኝ ነው» አሉን። ኩታውን ስንገልጠው፣ ከጉልበቱ በታች የቡና ስኒ አፍ የሚያህል ቁስል አየን። ዳሩ አብጧል፤ መሐሉ በስብሷል። ልጁን «በምን ጀመረህ?» አልነው። «አረም ሳርም እሾህ ጫረኝ። ትንሽ ናት ብዬ ተውኳት» አለ። ሦስት ሳምንት አልፎታል።

ይህ በሽታ የቆላ ቁስል ይባላል። ሙቀትና እርጥበት ባለበት አገር፣ በአፍሪካም በእስያም ይገኛል። ብዙ ጊዜ የሚወጣው ከጉልበት በታች ነው። ይበልጥ የሚይዘውም ልጆችንና ወጣቶችን ነው። በዝናብ ወራት፣ ጭቃ ሲበዛ፣ እሱም ይበዛል።

አመጣጡ እንዲህ ነው። እሾህ ወይም ድንጋይ ቆዳን ይጭራል። በተጫረው በኩል በዓይን የማይታዩ ጀርሞች ይገባሉ። ጀርሞቹ በጭቃ ውስጥ ሊኖሩ ይችላሉ። አንድ ዓይነት ጀርም ብቻውን አይደለም የሚሠራው፤ ሁለት ሦስቱ ተባብረው ሥጋውን ያበሰብሱታል። እነሱም ማኅበር አላቸው ማለት ነው! በባዶ እግር የሚሄድ ሰው ይጋለጣል። ምግብ ያነሰው ሰው ደግሞ ቁስሉ ቶሎ አይድንለትም።

ታዲያ ጥላ ወጊ ነው? እስቲ ከሩቅ አገር አንድ ታሪክ እንንገራችሁ። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1942 እና በ1943 የጃፓን ጦር ከታይላንድ እስከ በርማ 415 ኪሎ ሜትር የባቡር ሐዲድ አሠራ። ሐዲዱን የሠሩት የተማረኩ የእንግሊዝ፣ የአውስትራሊያና የሆላንድ ወታደሮች፣ እንዲሁም ብዙ የእስያ ሰዎች ነበሩ። ጫማቸው አለቀ። ምግባቸው ጥቂት ሩዝ ነበር። በጫካው ውስጥ ቀርከሃ እግራቸውን ይጭረው ነበር። ያ ጭረት ይህንኑ ቁስል ሆነ። መድኃኒት ስላልነበረ የብዙዎቹ እግር ተቆረጠ። የእኛ አገር ጥላ ወጊ እዚያ ድረስ አልተከተላቸውም። ያገኛቸው ረሃብ፣ ባዶ እግርና የመድኃኒት እጦት ነው።

ጭረት ሲያገኛችሁ ያኔውኑ በንጹሕ ውሃና በሳሙና እጠቡት። በታጠበና በደረቀ ጨርቅ ሸፍኑት። ዝንብ አይረፍበት። እበት፣ አመድ፣ ከድንጋይ ባትሪ የወጣ ጥቁር ዱቄት አታድርጉበት። ይህን የሚያደርጉ ሰዎች አይተናል፤ መንጋጋ ቆልፍ የሚያመጣው ጀርም በእበትና በአፈር ውስጥ አለ።

ቁስሉ ከሰፋ ወይም ከሸተተ ጤና ጣቢያ ሂዱ። ጀርሞቹን የሚገድል መድኃኒት አለ፤ የጤና ባለሙያው ያዘዘላችሁን ብቻ ጨርሳችሁ ውሰዱ። የተተወ ቁስል ወራት፣ አልፎም ዓመታት ይቆያል። እስከ አጥንት ሊደርስ ይችላል። ብዙ ዓመት ከቆየ ወደ ካንሰር የሚለወጥም አለ።

የማይድን ቁስል ሁሉ ግን የቆላ ቁስል አይደለም። በደጋ ፊት ላይ የሚወጣው ቁንጭር ሌላ ነው፤ እሱን የምታመጣው ትንሽ ተናካሽ ዝንብ ናት። በሥጋ ደዌ የደነዘዘ እግርም ሕመም ሳይሰማው ይቆስላል። ለይቶ የሚያውቀው የጤና ባለሙያው ነው።

ልጁን እናቱና እኛ ሆነን ጤና ጣቢያ ወሰድነው። አጠቡለት፣ አሸጉለት፣ መድኃኒት ሰጡት። ባለፈው ሰኞ ወደ ፊት ወንበሩ ተመለሰ። ቁስሉ እየጠበበ ነው። ያመለጡትን ፊደሎች ከሰዓት በኋላ እናስጠናዋለን። ጫማ ግን እስካሁን የለውም።