ለመዋጮ በጋራ፣ ለውሳኔ በተናጠል

የቀበና ሰው ስለ ወንዙ ማመልከት የጀመረው ዛሬ አይደለም። ከእንጦጦ የሚወርደው ውሃ ሰፈሩን አቋርጦ፣ ከግንፍሌ ጋር ተቀላቅሎ ወደ ፒኮክ ሲያመራ የስንቱን ደጅ ፍሳሽና ቆሻሻ ሲቀበል ኖሯል። ክረምት ሲሞላ የዳር አጥር ይገፋል፤ በጋ ሲጎድል ሽታው ከደጅ አልፎ ጓዳ ይገባል። ወንዙ ይጽዳ፣ የድጋፍ ግንብ ይሠራ፣ የፍሳሽ መስመር ይዘርጋ የሚለው ጥያቄ አባት ጠይቆት ልጅም የጠየቀው ነው።

መልስ መምጣት የጀመረው በቅርብ ዓመታት ነው። በየካቲት 2011 ይፋ የሆነው “ሸገርን ማስዋብ” ከእንጦጦ እስከ አቃቂ 56 ኪሎ ሜትር የወንዝ ዳርቻ ለማልማት የታቀደና 29 ቢሊዮን ብር የተገመተለት ፕሮጀክት ነበር። በ2017 መጀመሪያ የታወጀው ሁለተኛው ዙር የኮሪደር ልማት ደግሞ በ8 መስመሮች 132 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሸፍን ከእንጦጦ በቀበና እስከ ፒኮክ ያለው የወንዝ ዳርቻ ከመስመሮቹ አንዱ ሆነ። የዘመናት ጥያቄ ሰሚ አግኝቷልና ሥራው ሊመሰገን ይገባዋል። ልጆች አፍንጫቸውን ይዘው ይሻገሩት የነበረ ወንዝ ዳር ዳሩን እየተራመዱ የሚያዩት ሲሆን ደስ የማይለው የለም።

ይሁን እንጂ ከአፋፉ ላይ ይኖሩ ከነበሩት ብዙዎቹ የጸዳውን ወንዝ ለማየት ሰፈሩ ውስጥ የሉም። በአሠራሩ ባለ ካርታው ካሳና ምትክ ቦታ፣ የቀበሌ ቤት ተከራዩ ደግሞ ኮንዶሚኒየም ወይም ሌላ የቀበሌ ቤት ይሰጠውና ይነሳል። ጎርፍ ከሚያሰጋው አፋፍ መነሳት በራሱ ክፉ ነገር ነው ማለት አይቻልም። የሚያሳስበው ሂደቱ ነው፤ አብሮ ሲያመለክት የኖረ ሰፈር መልሱ ሲመጣ በየፋይሉ ተበትኖ፣ እያንዳንዱ አባወራ ብቻውን ከጠረጴዛ ፊት ቀርቦ ነው የሚስተናገደው።

ይኸው ሰፈር ከዚሁ አስተዳደር ጋር በሌላ ጉዳይ ሲገናኝ ግን ነገሩ ይለያል። የውስጥ ለውስጥ መንገድ ኮብልስቶን ይነጠፍ ሲባል በአዲስ አበባ በየመንደሩ የልማት ኮሚቴ ተመርጧል፣ ነዋሪው ድርሻውን አዋጥቷል፣ ሰብሳቢ፣ ጸሐፊና ገንዘብ ያዥ ተሰይሞ ደረሰኝ ተቆርጧል። ለጥበቃ ይዋጣ ሲባልም እንደዚያው። ያን ጊዜ ሰፈሩ እንደ አንድ አካል ይታወቃል፣ በደብዳቤ ይጠራል፣ በመድረክ ይመሰገናል። የሰፈሩ አቀማመጥ ሲወሰን፣ የቱ መንገድ እንደሚሰፋና የቱ ቤት እንደሚነሳ መስመር ሲሰመርበት ግን ያ ኮሚቴ የሚጠራበት ወንበር የለም። የዚህ ዓምድ ጸሐፊ የሚቃወመው ይህንን ነው። ለመዋጮ ብቁ የሆነ ማኅበር ለምክክርም ብቁ ነው።

ጉዳዩ አዲስ እንዳልሆነ ለማየት ወደ ሐምሌ 1967 መመለስ ይበቃል። የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ያደረገው አዋጅ ቁጥር 47/67 በየቀበሌው የከተማ ነዋሪዎች ማኅበር እንዲቋቋም አዝዞ ነበር። ማኅበሩ ኪራያቸው ከመቶ ብር የማይበልጥ ቤቶችን ኪራይ እንዲሰበስብ፣ በገንዘቡም ለሰፈሩ መንገድ፣ ጤና ጣቢያ፣ ትምህርት ቤትና ገበያ እንዲያስብ ተጻፈለት። በወረቀት ላይ ከዚህ የሚበልጥ የሰፈር ሥልጣን በከተማው ታሪክ ተሰጥቶ አያውቅም። ብዙ ሳይቆይ ያው ቀበሌ በቀይ ሽብር ዘመን የጥበቃና የእስር ቦታ ሆነ፤ ነዋሪው ማኅበሬ ማለቱን ትቶ መፍራት ጀመረ። ከ1983 በኋላም ቀበሌው የመንግሥት የመጨረሻ እርከን ሆኖ ቀጠለ፣ በኋላም ወረዳ ውስጥ ተጠቃለለ። ዛሬ መታወቂያ ለማደስ የሚኬድበት ቢሮ መነሻው የነዋሪዎች ማኅበር እንደነበር የሚያስታውሱት በዕድሜ የገፉት ናቸው።

ለወረዳ ምክር ቤት ተወካዬ ይንገርልኝ ማለትም ቀላል አይደለም። የአካባቢ ምርጫ የተካሄደው በሚያዝያ 2005 ነበር። በሰኔ 2013 የአዲስ አበባ ነዋሪ 138 መቀመጫ ያለውን የከተማውን ምክር ቤት ሲመርጥ ለወረዳ ምክር ቤት ግን ድምፅ አልሰጠም። ስለ አንድ ቱቦ፣ ስለ አንድ የመንገድ መብራት፣ ስለ አንድ የተናደ ግንብ የሚጠየቀው የቅርቡ ተመራጭ ነውና፣ በዚህ እርከን ላይ የውክልና ክፍተት ሲፈጠር ነዋሪው አመልካች ብቻ ሆኖ ይቀራል። ማመልከቻው ከወረዳ ወደ ክፍለ ከተማ፣ ከክፍለ ከተማ ወደ መንገዶች ወይም ወደ ውሃና ፍሳሽ ባለሥልጣን ይመራል፤ “ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው” የሚለውን ያልሰማ የከተማ ሰው የለም።

እንደ ቀበና ባለ ሰፈር ሳይፈርስ የቆየው ማኅበር ዕድር ነው። ድንኳኑ፣ ወንበሩ፣ ጡሩምባው፣ የአባላት መዝገቡ፣ የተከበረው የዕድር ዳኛ፣ ሁሉም አለ። ማን ታሞ እንደተኛ፣ ማን አቅም እንዳነሰው፣ የየትኛው ቤት ግድግዳ እንዳዘመመ ከማንኛውም ቢሮ ቀድሞ ያውቃል። ማዘጋጃ ቤቱም ይህን ያውቅ ነበር፤ ከአብዮቱ በፊት ዶክተር ኃይለጊዮርጊስ ወርቅነህ ከንቲባ በነበሩበት ጊዜ ዕድሮችን የልማት ተባባሪ ለማድረግ ተሞክሯል። ዛሬ የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 ዕድርን ከሽፋኑ ውጪ አድርጎታል። ይህ በአንድ በኩል ከቁጥጥር ሸክም ያድነዋል፤ በሌላ በኩል ግን ከተማው ሊያማክረው የሚገባ አካል ተብሎ የተጻፈበት ቦታ እንዳይኖር አድርጓል። ሰፈር ሲነሳ ዕድሩ ምን ይሆናል? የካዛንቺስ ነዋሪዎች ወደ ገላን ጉራ በተዛወሩ ጊዜ ይህ ጥያቄ በየቤቱ ተነስቷል። ለሃያና ለሠላሳ ዓመት የተዋጣበት መዝገብ ባለቤቶቹ በከተማው ዳርና ዳር ቢበተኑ ለቀብር የሚደርስላቸው ማን ነው?

ሕጉ ዝም አላለም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 43 ዜጎች የሚኖሩበትን ማኅበረሰብ በሚነኩ ፕሮጀክቶች ላይ ሐሳባቸው እንዲጠየቅ መብት ይሰጣል። መሬት ለሕዝብ ጥቅም የሚለቀቅበትን ሥርዓት የደነገገው አዋጅ ቁጥር 1161/2011 ሲወጣም ተነሺዎች መሬቱን ከማስረከባቸው ቢያንስ ከአንድ ዓመት በፊት ስለ ፕሮጀክቱ ዓይነትና ጥቅም እንዲመክሩበት የሚል ድንጋጌ ይዞ ነበር። የከተማው አስተዳደር ከነዋሪዎች ጋር ውይይት መደረጉን ይገልጻል። አምነስቲ ኢንተርናሽናል በበኩሉ በሚያዝያ 2017 ባወጣው መግለጫ በቦሌና በለሚ ኩራ ክፍለ ከተሞች ብቻ ኅዳር 2017 ቢያንስ 872 ሰዎች በግዳጅ መፈናቀላቸውን ገልጾ ተገቢ ምክክር አልተደረገም ብሏል። ሁለቱ ወገኖች የሚከራከሩት ውይይት በሚባለው ነገር ላይ ነው። አዳራሽ ተሰብስቦ የተወሰነን መስማት አንድ ነገር ነው፤ ዕቅዱ ሳይጸድቅ ካርታውን ዘርግቶ “እዚህ ጋ ብናዞረውስ?” መባባል ሌላ ነው።

ሁለተኛው ዓይነት ምክክር በሕግ ሊታሰር እንደሚችል ብዙ ኢትዮጵያውያን የሚኖሩባት ዋሽንግተን ዲሲ ታሳያለች። ከተማዋ እ.ኤ.አ. በ1973 የራስ አስተዳደር ሕግ ካገኘች በኋላ የሰፈር አማካሪ ኮሚሽኖችን አቋቋመች። እያንዳንዱ ኮሚሽነር 2,000 ያህል ነዋሪዎችን ይወክላል፣ በምርጫ ይመጣል፣ ደመወዝ የለውም። በግንባታ፣ በቦታ አጠቃቀም፣ ሌላው ቀርቶ በመጠጥ ቤት ፈቃድ ላይ ኮሚሽኑ በጽሑፍ የሰጠውን ሐሳብ የከተማው መሥሪያ ቤቶች ከፍ ያለ ክብደት እንዲሰጡት ሕጉ ያስገድዳል። ካልተቀበሉትም ለምን እንዳልተቀበሉት በጽሑፍ ማስረዳት አለባቸው። የመጨረሻው ውሳኔ የመሥሪያ ቤቱ ነው፤ ለነዋሪው ግን ምክንያቱ የተጻፈበት ወረቀት ይደርሰዋል። ለቀበና ይህ ትልቅ ነገር ነው።

የሰፈር ማኅበር ሁልጊዜ ደግ አይደለም። በዚያው አሜሪካ የቤት ባለቤቶች ማኅበራት ጥቁሮች ቤት እንዳይገዙ የሚከለክሉ ውሎችን ሲያስፈጽሙ ኖረው፣ ፍርድ ቤቶች እነዚያን ውሎች እንዳያስፈጽሙ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የወሰነው እ.ኤ.አ. በ1948 ነው። ንብረት ያለው ብቻ የሚሰበሰብበት ማኅበር የንብረቱን ዋጋ ሲጠብቅ ጎረቤቱን ሊረሳ ይችላል። በአዲስ አበባ ነባር ሰፈሮች ደግሞ ይህ እጅግ ያስፈራል። ከ1967 ወዲህ በአንድ ግቢ፣ በአንድ የውሃ መስመር ላይ ባለ ካርታውና የቀበሌ ቤት ተከራዩ ጎን ለጎን ኖረዋል። አንዱ ስለ ካሳ መጠን ሲጨነቅ ሌላው የሚጨነቀው ስለ ዕጣው ነው። ልጆቻቸው ኮከበ ጽባህ አብረው ተምረዋል፣ እናቶቻቸው አብረው ቡና ጠጥተዋል። ቀበና የባለ ይዞታዎችን ማኅበር ቢያቋቁምና ተከራዩን ውጪ ቢተወው ግማሹን ሰፈር ዝም አሰኝቶ ነው የሚናገረው። ዕድር ከቤት ባለቤቶች ማኅበር የሚሻለው በዚህ ነው፤ በመዝገቡ የሚጽፈው የሰውን ስም እንጂ የካርታ ቁጥር አይደለም።

ምክክር ልማቱን ያጓትታል የሚል ሥጋት ከባለሥልጣናት ይሰማል። ሆኖም ሳይጠየቅ የተሠራ ሥራም ይጓተታል። በየክረምቱ ጎርፍ በየት በኩል እንደሚገባ የሚያውቅ ሽማግሌ ሳይጠየቅ የተቀበረ ቱቦ እንደገና ይቆፈራል። የወንዙ ዳር ቢያምር እንኳ ከዳገቱ የሚወርደው የቤቶች ፍሳሽ መስመር ካላገኘ ወንዙ ተመልሶ ይቆሽሻል፤ የትኛው ጎጥ መስመር እንደሌለው ደግሞ ነዋሪው በጣቱ ያሳያል።

ስለዚህ የየካ ክፍለ ከተማ በቀበና ለሚቀጥሉት ሥራዎች፣ በተለይ ለውስጥ ለውስጥ መንገዶችና ለፍሳሽ መስመሮች፣ ሥራው ከመጀመሩ ቢያንስ ከ30 ቀን በፊት ዕቅዱን ከነካርታው ለሰፈሩ ዕድሮች በደብዳቤ ያድርስ። ዕድሮቹም ባለ ካርታውንም ተከራዩንም ሰብስበው ሐሳባቸውን በቃለ ጉባኤ ያስገቡ፤ ጽሕፈት ቤቱ የተቀበለውን ተቀብሎ፣ ያልተቀበለውን ከነምክንያቱ ጽፎ በማኅተም ይመልስ። ከወንዙ ዳር ለተነሱትም ተመሳሳይ ነገር ይደረግ፤ የትኛው ቤተሰብ የት እንደደረሰ ለዕድሮቹ ዝርዝሩ ይሰጣቸው፣ አብረው መኖር የሚፈልጉ ጎረቤቶችም ምትክ ቦታ ሲደለደል አጠገብ ለአጠገብ እንዲመደቡ በጋራ ያቀረቡት ማመልከቻ በአንድ ፋይል ይታይላቸው።