ከመዝጋት በፊት ዋስትና፦ የድንጋይ ከሰል ሠራተኞችና የመንግሥት ኃላፊነት

የድንጋይ ከሰል ማውጫ ወይም በከሰል የሚሠራ የኃይል ማመንጫ በመንግሥት ውሳኔ ሲዘጋ ጥቅሙ ለመላው ሕዝብ፣ ከዚያም አልፎ ገና ላልተወለደው ትውልድ የሚዳረስ ሲሆን፣ ጉዳቱ ግን በጥቂት ወረዳዎች በሚኖሩና ማንነታቸው ተለይቶ በሚታወቅ ሰዎች ላይ ያርፋል። የምድርን ሙቀት ለመግታት የሚወሰደው እርምጃ ተገቢ መሆኑ ብቻውን ይህን የሸክም ክፍፍል ፍትሐዊ አያደርገውም። «ፍትሐዊ ሽግግር» የሚባለው ሐሳብ የተወለደው ከዚህ ነው፤ ከቅሪተ አካል ነዳጅ፣ ማለትም ከድንጋይ ከሰል፣ ከድፍድፍ ነዳጅና ከተፈጥሮ ጋዝ፣ እንደ ፀሐይና ነፋስ ወዳሉ ታዳሽ የኃይል ምንጮች የሚደረገው ጉዞ የሠራተኛውን ገቢ፣ ጡረታና የመኖሪያ ቀዬ እንዳያፈርስ መንግሥት ኃላፊነት እንዲወስድ ይጠይቃል። ብዙ መንግሥታት ሐሳቡን በቃል ተቀብለውታል። የብሪታንያ፣ የጀርመን፣ የስፔንና የደቡብ አፍሪካ ተሞክሮ ጎን ለጎን ሲመረመር ግን የድጋፉን ውጤት ከገንዘቡ መጠን ይበልጥ የሚወስነው ቅደም ተከተሉ ሆኖ ይገኛል። ዋስትናው ከመዝጊያው ቀን በፊት በሕግ ወይም በውል ከታሰረ ሽግግሩ ይጸናል፤ ከመዝጊያው በኋላ ከመጣ ግን በብዙ ገንዘብም ቢሆን የፈረሰውን መልሶ ማቆም እጅግ ይከብዳል።

የሐሳቡ መነሻ ብዙውን ጊዜ ከአሜሪካዊው የሠራተኞች መሪ ከቶኒ ማዞኪ ጋር ተያይዞ ይነሣል። ማዞኪ የነዳጅ፣ የኬሚካልና የአቶሚክ ኃይል ሠራተኞች ማኅበር መሪ የነበሩ ሲሆን፣ አባሎቻቸው የሚሠሩባቸው አንዳንድ ኢንዱስትሪዎች ለጤናና ለአካባቢ አደገኛ መሆናቸውን አልካዱም፤ የጠየቁት የአደጋው ማስወገጃ ዋጋ በሠራተኛው ጫንቃ ላይ ብቻ እንዳይወድቅ ነበር። እርሳቸው ራሳቸው የሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘማች ስለነበሩ፣ እ.ኤ.አ. በ1944 የወጣው ሕግ ከጦር ሜዳ ለተመለሱ ወታደሮች የትምህርት ወጪና የኑሮ ድጎማ እንደሰጠ ያውቁ ነበር። በ1980 ደግሞ የአሜሪካ መንግሥት በመርዛማ ቆሻሻ የተበከለ መሬት የሚጸዳበትን ልዩ ፈንድ በሕግ አቋቁሟል። ማዞኪ በ1990ዎቹ መጀመሪያ እነዚህን ሁለት ነገሮች አገናኝተው፣ ለአፈሩ ፈንድ ካለ ለሠራተኛውም ሊኖር ይገባል ሲሉ ተከራከሩ። ሐሳቡ በ2015 የፓሪሱ የአየር ንብረት ስምምነት መግቢያ ውስጥ ሰፈረ፤ የዓለም የሥራ ድርጅትም በዚያው ዓመት መመሪያ አወጣለት።

የሠራተኛው የዋስትና ጥያቄ የርኅራኄ ልመና ተደርጎ መታየት የለበትም፤ ከንብረት መብት ጋር የሚቀራረብ መሠረት አለው። ጀርመን በ2020 ከድንጋይ ከሰል የምትወጣበትን ሕግ ስታጸድቅ፣ ቡናማ ከሰል ለሚያወጡና ለሚያነዱ ሁለት ኩባንያዎች 4.35 ቢሊዮን ዩሮ ካሳ መድባለች፤ ምክንያቱም ሕጉ ገና ብዙ ዓመት ሊያገለግል የሚችል ንብረታቸውን ዋጋ ያሳጣባቸዋል። በማውጫው ሃያ ዓመት የሠራ ሠራተኛ ያካበተው ሙያ፣ በዕድሜው ልክ ያደገው ደመወዝና በማዕድን ከተማ የሠራው ቤትም በዚያው ሕግ፣ በዚያው ቀን ዋጋ ያጣሉ። ለማሽኑ ባለቤት ካሳ የሚገባው ከሆነ ማሽኑን ለሚያንቀሳቅሰው ሰው የማይገባበት አሳማኝ ምክንያት አይገኝም። ልዩነቱ ኩባንያው ካሳውን የሚደራደርለት ጠበቃ ያለው መሆኑ ሲሆን፣ ሠራተኛው ያንን አቅም የሚያገኘው በማኅበር ሲደራጅና መንግሥት ከውሳኔው በፊት ወደ ድርድር ሲጠራው ብቻ ነው።

ቅደም ተከተሉ ሲዛባ የሚሆነውን ብሪታንያ አሳይታለች። በመጋቢት 1984 የመንግሥቱ የከሰል መሥሪያ ቤት ሃያ ገደማ ማውጫዎችን ለመዝጋት ማቀዱ ሲሰማ አንድ ዓመት የፈጀ የሥራ ማቆም አድማ ተካሄደ፤ አድማው በ1985 ያለ ስምምነት አበቃ፤ በቀጣዮቹ ዓመታትም ማውጫዎቹ በየተራ ተዘጉ። መንግሥት ለተሰናባቾቹ ገንዘብ አልከፈለም ማለት አይቻልም፤ የስንብት ክፍያው በጊዜው ከነበረው ልማድ ሲነጻጸር ዝቅተኛ አልነበረም። ነገር ግን የአንድ ጊዜ ክፍያ ግለሰቡን ለጥቂት ጊዜ ቢደግፍም ከተማዋን አልደገፈም፤ ማውጫው ሲዘጋ ሱቁ፣ የጥገና ቤቱ፣ አውቶቡሱና ለወጣቱ የሙያ መግቢያ የነበረው በር አብረው ተዘግተዋል። ሥራ ያጡት ብዙ ወንዶች በሥራ አጥነት መዝገብ ላይ ሳይሆን በሕመምና በአካል ጉዳት ድጎማ መዝገብ ላይ ስለገቡ፣ የጉዳቱ ስፋት በይፋዊው የሥራ አጥነት አኃዝ ውስጥ ሳይታይ ቀረ። ስለ ከሰል አካባቢዎች መልሶ ማቋቋም የሚያጠና የመንግሥት ግብረ ኃይል የተሰየመው በ1997 ሲሆን፣ ለዚሁ የቆመው የልማት ተቋም የተመሠረተው በ1999 ነው። በአድማውና በተቋሙ መካከል አንድ ሕፃን ተወልዶ ከትምህርት ቤት ሊወጣ የሚቃረብበት ጊዜ አልፏል፤ «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» የሚባለው በትክክል ለዚህ ዓይነቱ ድጋፍ ነው።

የጀርመኑ የሩር ሸለቆ በተቃራኒው የዝግታ ምሳሌ ነው። በ1957 የምዕራብ ጀርመን የጥቁር ከሰል ማውጫዎች ወደ 600,000 የሚጠጉ ሠራተኞች ነበሯቸው፤ የመጨረሻው ማውጫ በቦትሮፕ ከተማ የተዘጋው በታኅሣሥ 2018 ነው። በእነዚህ ስድሳ ዓመታት ውስጥ የጸናው መርሕ ማንም ቆፋሪ ተገዶ ወደ ባዶ ሜዳ እንዳይጣል የሚል ነበር። መርሑ እንዲከበር ያስቻለው በ1951 የወጣው ሕግ ሲሆን፣ በከሰልና በብረት ኩባንያዎች የበላይ ተቆጣጣሪ ቦርድ ላይ የሠራተኞች ተወካዮች ከባለ አክሲዮኖች እኩል ወንበር እንዲኖራቸው ደንግጓል። በ1968 አብዛኞቹ ማውጫዎች በአንድ ኩባንያ ሥር ስለተጠቃለሉ፣ አንዱ ጉድጓድ ሲዘጋ ወጣቱ ወደ ሌላው ይዛወር፣ ከመሬት በታች የሠራው አዛውንት ደግሞ ከ50 ዓመቱ ጀምሮ እስከ መደበኛ ጡረታው የሚያደርስ የመሸጋገሪያ አበል ያገኝ ነበር። ቀደም ሲል ዩኒቨርሲቲ ባልነበረበት አካባቢ በ1965 የቦኹም፣ በ1968 የዶርትሙንድ ዩኒቨርሲቲዎች ሥራ ጀመሩ።

ሆኖም የሩርን ተሞክሮ እንዳለ መቅዳት አይቻልም። ለከሰሉ የወጣው ድጎማ በድምሩ ከ100 ቢሊዮን ዩሮ በላይ እንደሆነ ይገመታል፤ የገንዘቡም ትልቅ ክፍል የዋለው ኪሳራ ላይ ያለውን ምርት ለማቆየት እንጂ ሰዎችን ወደ አዲስ ሥራ ለማሸጋገር አልነበረም። ከሁሉ በላይ ደግሞ ሩር ያገኘውን ስድሳ ዓመት የዛሬው የአየር ንብረት ሁኔታ ለማንም አይሰጥም። ስለዚህ ከሩር የሚወሰደው ትምህርት ዘገምተኝነቱ ሳይሆን ዘገምተኝነቱ የፈጠረው እርግጠኝነት ነው፤ ቆፋሪው ነገ ምን እንደሚጠብቀው ያውቅ ነበር። ጊዜ ሲያጥር ያንን እርግጠኝነት የሚተካው አስቀድሞ የወጣ ዕቅድ ብቻ ነው።

በዚያችው አገር በስተ ምሥራቅ የሚገኘው የላውዚትዝ አካባቢ ሁለቱንም መንገዶች በየተራ አይቷል። ከ1990 ውሕደት በፊት ወደ 80,000 ሰዎች በቡናማ ከሰል ሥራ ይተዳደሩ የነበረ ሲሆን፣ በአንድ አሥርተ ዓመት ውስጥ ቁጥሩ ከ10,000 በታች ወረደ፤ ወጣቱም ወደ ምዕራብ ፈለሰ። መንግሥት በ2018 ኮሚሽን ሲያቋቁምና ኮሚሽኑ በጥር 2019 ምክረ ሐሳቡን ሲያቀርብ የአካባቢው ሕዝብ በጥርጣሬ መመልከቱ ከዚህ ትዝታ የመነጨ ነበር። የ2020ው ሕግ ቢያንስ በንድፉ ከዚህ ስሕተት የተማረ ነው። ከከሰል መውጫውን ቢዘገይ በ2038 ሲወስን፣ ለከሰል ክልሎች እስከ 40 ቢሊዮን ዩሮ የሚደርስ ድጋፍ አብሮ ተደንግጓል፤ ዕድሜያቸው 58 የሞላ ሠራተኞችም እስከ አምስት ዓመት የመሸጋገሪያ አበል እንዲያገኙ ተደርጓል። በኮትቡስ ከተማ የጀርመን ባቡር ድርጅት የገነባው አዲስ የጥገና ማዕከል የመጀመሪያው ክፍል በጥር 2024 ሥራ የጀመረ ሲሆን፣ 1,200 የሥራ ቦታዎች ታቅደውለታል። እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው አዲሱ የሥራ በር የተከፈተው የከሰል ማውጫዎቹ ገና እየሠሩ ሳለ መሆኑ ነው። አዲሱ ሥራ በፀሐይ ኃይል ወይም በነፋስ መስክ ሳይሆን በባቡር ጥገና መሆኑም የራሱ ትርጉም አለው፤ ለመካኒክና ለኤሌክትሪክ ባለሙያ የሚቀርበው ሥራ ሙያውን የሚመጥን ይሁን እንጂ የግድ በታዳሽ ኃይል መስክ መሆን የለበትም።

የሥራ ቦታውን አስቀድሞ የማዘጋጀቱ ነጥብ ብዙ መንግሥታት የሚወድቁበትን ስፍራ ያመለክታል። በየአገሩ ቀድሞ የሚታወጀው ድጋፍ የሙያ ሥልጠና ነው፤ ሥልጠና ግን የሥራ ቦታ ካልተዘጋጀለት ሰውን ከአንድ ሰልፍ ወደ ሌላ ሰልፍ ከማዛወር አያልፍም። በከሰልና በታዳሽ ኃይል ሥራ መካከል ሦስት ክፍተቶች አሉ። አንደኛው የቦታ ነው፤ ለምሳሌ የደቡብ አፍሪካ ከሰል በምሥራቅ በምፑማላንጋ ክልል ሲገኝ ምርጡ የፀሐይ ብርሃን በሰሜናዊ ኬፕ ነው። ሁለተኛው የጊዜ ነው፤ የፀሐይ ኃይል ጣቢያ ብዙ እጅ የሚፈልገው በሚገነባበት ጊዜ ሲሆን፣ ከተጠናቀቀ በኋላ ጥቂት ሰዎች ይበቁታል። ሦስተኛው የደመወዝና የመብት ነው፤ የከሰል ሠራተኛ በረጅም ትግል ያገኘውን የኅብረት ስምምነት፣ የጤና ዋስትናና ጡረታ አዲሱ ሥራ ላይ ላያገኘው ይችላል። እነዚህን ክፍተቶች ገበያ በራሱ አይሞላቸውም።

ስፔን በዚህ ረገድ የተለየ ብልሃት አሳይታለች። የአውሮፓ ኅብረት ደንብ ትርፋማ ያልሆኑ የከሰል ማውጫዎች የመንግሥት ድጎማ የሚያገኙበትን ጊዜ በ2018 መጨረሻ ላይ ይገድብ ስለነበር፣ መንግሥት በዚያው ዓመት ጥቅምት ከሠራተኛ ማኅበራትና ከአሠሪዎች ጋር የ250 ሚሊዮን ዩሮ ስምምነት ተፈራረመ። በስምምነቱ መሠረት ዕድሜያቸው 48 የደረሰ ቆፋሪዎች ቅድመ ጡረታ፣ ከዚያ በታች ያሉት የስንብት ክፍያ፣ እንዲሁም የተቆፈረውን መሬት መልሶ በማልማት ሥራ ላይ ቅድሚያ እንዲያገኙ ተወሰነ። ይበልጥ ትኩረት የሚስበው ግን በአራጎን ክልል አንዶራ በምትባል ከተማ የነበረው የከሰል ማመንጫ በ2020 ከተዘጋ በኋላ የተወሰደው እርምጃ ነው። ማመንጫው ሲዘጋ ከአገሪቱ የኤሌክትሪክ መረብ ጋር የመገናኘት መብቱ ክፍት ሆነ፤ ወደ 1,200 ሜጋ ዋት የሚጠጋው ይህ መብት ለታዳሽ ኃይል አልሚዎች ትልቅ ሀብት ነው። መንግሥት መብቱን ከፍተኛ ገንዘብ ላቀረበ ከመሸጥ ይልቅ ለአካባቢው ሰዎች የሥራ ቦታ፣ ሥልጠናና አዲስ ኢንዱስትሪ የሚያመጣ ተወዳዳሪ ነጥብ የሚያገኝበትን ጨረታ አወጣ፤ በ2022ም አሸናፊውን ለየ። ሀብቱ ያለ ተጨማሪ ግብር ከተማዋን መልሶ ለማቋቋም እንዲውል ተደረገ ማለት ነው።

ደቡብ አፍሪካ ደግሞ የድሃ ማኅበረሰቦችን ፈተና ታሳያለች። ኮማቲ የተባለው በከሰል የሚሠራ የኃይል ማመንጫ በ1961 ሥራ የጀመረ ሲሆን፣ ጥቅምት 31 ቀን 2022 ተዘጋ፤ ጣቢያውን ወደ ፀሐይ፣ ነፋስና ባትሪ ማዕከልነት ለመለወጥና ሠራተኞችን ለመደገፍ የታሰበውን 497 ሚሊዮን ዶላር የዓለም ባንክ ያጸደቀው ከቀናት በኋላ በኅዳር ነው። የጣቢያው ባለቤት የሆነው የመንግሥት የኤሌክትሪክ ኩባንያ የኤስኮም ቋሚ ሠራተኞች ወደ ሌሎች ጣቢያዎች ሲዛወሩ፣ በሥራ ተቋራጭ በኩል የተቀጠሩት፣ ምግብ የሚሸጡትና ክፍል የሚያከራዩት ገቢያቸውን አጡ። ገንዘቡ ተገኝቷል፣ ዕቅዱም ተጽፏል፤ መዝጊያው ግን ቀደማቸው። ውጤቱ በኮማቲ ብቻ አልተወሰነም፤ በሌሎች የከሰል ከተሞች «ሽግግር» የሚለው ሐሳብ የሥራ ማጣት ሌላ ስም ተደርጎ መታየት ጀመረ።

በዚህ አቋም ላይ የሚነሣው ዋነኛ ተቃውሞ የከሰል ሠራተኛ ከሌላው ሥራ አጥ በምን ተለይቶ ይካሳል የሚል ነው። የጨርቃ ጨርቅ ሠራተኛም፣ የባንክ ጸሐፊም በአዲስ ማሽን ምክንያት ሥራውን ያጣል። ጥያቄው ክብደት ያለው ነው፤ መልሱም ሌሎቹ ድጋፍ አይገባቸውም የሚል ሊሆን አይችልም። ነገር ግን የከሰሉን ሥራ የሚዘጋው መንግሥት ራሱ፣ ቀኑን ቆርጦ፣ ለጋራ ጥቅም ሲል ነው፤ ቀኑን የሚያውቅ አካል የማዘጋጀት ግዴታም አለበት። ከዚህም ሌላ ሽግግሩ በሕዝብ ድምፅ የሚጸና ወይም የሚሻር ነው። የከሰል ወረዳዎች እንደተከዱ ከተሰማቸው ሕጉን የሚሽር ተወካይ ይመርጣሉ፤ ያን ጊዜ ለካሳ ሳይወጣ የቀረው ገንዘብ በዘገየ የአየር ንብረት እርምጃ ይከፈላል።

ኢትዮጵያ ኤሌክትሪኳን በአብዛኛው ከውኃ ስለምታመነጭ የሚዘጋ የከሰል ጣቢያ የላትም። ሆኖም እ.ኤ.አ. በ2024 መጀመሪያ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ በመወሰኗ፣ መንግሥት የአንድን ሙያ መጨረሻ በውሳኔው አቅርቧል። ካንዴላ፣ የነዳጅ ፊልትሮና የሞተር ዘይት የማይፈልግ መኪና ሲበዛ የጋራዥ መካኒኩና የመለዋወጫ ነጋዴው ገበያ ይጠብባል። ብዙዎቹ መካኒኮች ሙያውን የተማሩት በልምድ ስለሆነ እንደ ኮማቲ የተቋራጭ ሠራተኞች ቋሚ የሥራ ዋስትና የላቸውም። በመንገድ ላይ ያሉት የነዳጅ መኪኖች ገና ለዓመታት ስለሚቆዩ ግን ጊዜ አለ፤ የቴክኒክና ሙያ ኮሌጆች ከፍተኛ ቮልቴጅ ባለው ባትሪ ላይ በጥንቃቄ መሥራትን ለነባር መካኒኮች የሚያስተምሩበትና የልምድ ዕውቀታቸውን መዝነው የምስክር ወረቀት የሚሰጡበት ወቅት አሁን ነው።

ከእነዚህ ተሞክሮዎች ተነሥቶ የአንድ መዝጊያ ሕግ ፍትሐዊነት በአራት ነገሮች ሊመዘን ይችላል፦ ሠራተኞቹ ቀኑ ከመቆረጡ በፊት በድርድሩ ላይ መቀመጣቸው፣ ለጡረታ የተቃረቡት አበል በራሱ በሕጉ መጻፉ፣ ለቀሪዎቹ አዲሱ የሥራ ቦታ አሮጌው ሳይዘጋ መከፈቱ፣ ዋስትናውም ከቋሚ ሠራተኛው አልፎ ለኮንትራት ሠራተኛውና ለከተማዋ መድረሱ ናቸው። ከእነዚህ አንዱ የጎደለው ሕግ ጢሱን ሊያጠፋ ይችላል፤ ነገር ግን የጽዱ አየርን ዋጋ በአንድ ወገን ላይ ብቻ ስለሚጥል ቀጣዩን መዝጊያ የሚቃወሙ ሰዎችን ያበዛል። የአየር ንብረት እርምጃ ፈጥኖ እንዲሄድ የሚሻ መንግሥት የሠራተኛውን ዋስትና እንደ ማዘግያ ሳይሆን ለመፍጠን እንደሚያስችል ቅድመ ሁኔታ ሊያየው ይገባል፤ የሠራተኛውን ፈቃድ የያዘ ሕግ ከምርጫ ምርጫ የመሻገር ዕድሉ ሰፊ ነውና።