ባርኔጣ ላይ ያለችው ላባ የማን እጅ ሥራ ናት?

ወዳጆቼ፣ የቀድሞ ተማሪዎቼም ጭምር፣ የዛሬው ትንሽ ረዘም ይላል። ርዕሱም የፈረንጅ ባርኔጣ ነው። «መምህር ምን ነካው?» የምትሉ እንዳላችሁ አውቃለሁ። ታገሡኝ።

እ.ኤ.አ. በ2011 የእንግሊዙ ልዑል ዊሊያም ሲያገባ የአጎቱ ልጅ ልዕልት ቢያትሪስ አናቷ ላይ አድርጋ የመጣችውን ነገር ታስታውሳላችሁ? በትልቅ ጥብጣብ ቋጠሮ የተሠራ፣ ከፊቷ በላይ ቆሞ የሚታይ ጌጥ ነበር። ዓለም ሁሉ በኢንተርኔት ሳቀበት። ያ የተሳቀበት ጌጥ ግን ወዲያው ለበጎ አድራጎት በኢንተርኔት ጨረታ ወጥቶ ከ81 ሺህ ፓውንድ በላይ ተሸጠ።

የሠራው ሰው ፊሊፕ ትሬሲ ይባላል። አየርላንድ ውስጥ ጋልዌይ በሚባል አውራጃ፣ ትንሽ መንደር ውስጥ የተወለደ የዳቦ ጋጋሪ ልጅ ነው። እናቱ ዶሮና ሌሎች ወፎች ታረባ ነበርና ላባ የልጅነት መጫወቻው ነበር። ትምህርት ቤታቸው ሴቶቹ ስፌት ሲማሩ ወንዶቹ ኳስ ይጫወታሉ። ይሄ ልጅ ገና በትንሽነቱ «እኔም መስፋት እፈልጋለሁ» አለ፤ ተፈቀደለት። በኋላ ደብሊን፣ ከዚያም ለንደን ሄዶ ዲዛይን ተማረ። የእንግሊዝ መንግሥት በ2007 የክብር ሽልማት ሰጥቶታል።

እኔን የያዘችኝ «ተፈቀደለት» የምትለዋ ቃል ናት።

አሁን ስለ ሥራው ላውራ፤ ብዙ ሰው ላባ ባርኔጣ ላይ በሙጫ መለጠፍ ይመስለዋል። ላባው መጀመሪያ በሳሙና ይታጠባል፣ ቀለም ይነከራል፣ በእንፋሎት ይፍታታል። ከዚያ በማይቆርጥ ቢላዋ ጀርባ አንዱን ዘርፍ ከሌላው ተራ በተራ እየሳቡ እንደ ፀጉር ያጠቀልሉታል። የሰጎን ላባ ከሆነ ደግሞ ረዥም እንዲሆን አንዱን ዘርፍ ከሌላው ጫፍ ጋር በእጅ እየቋጠሩ ይቀጥሉታል። አስቡት፣ እያንዳንዷን!

አበባውም እንዲሁ ነው። ሐሩ እኛ አሚዶ እንደምናደርገው ደረቅ እንዲል ይነከራል፤ በብረት ቅርፅ ቅጠል ቅጠሉ ተመትቶ ይቆረጣል፤ ቀለሙ መሃሉ ላይ ደመቅ ጠርዙ ላይ ሳሳ እንዲል በብሩሽ ይቀባል። ቀጥሎ ጫፉ እንደ ኳስ ክብ የሆነ ብረት ይሞቅና ቅጠሉ ለስላሳ ትራስ ላይ ተደርጎ ይጫናል። ያኔ ጠፍጣፋው ጨርቅ ጎድጉዶ ሕይወት ይዘራል። ብረቱ ትንሽ ከጋለ ሐሩ ያርራል፣ ትንሽ ከቀዘቀዘ ቅርፅ አይዝም። ይሄ እኮ ሙቀትና ቁስ ነው፤ ፊዚክስ ክፍል ውስጥ በጠመኔ ስንጽፈው ተማሪው የሚያንቀላፋበት ትምህርት።

ፓሪስ ውስጥ ሌማሪዬ የሚባል ቤት ከ1880 ጀምሮ ይሄንኑ ይሠራል። መጀመሪያ የባርኔጣ ላባ ነበር፣ አበባው በኋላ መጣ። የሻኔል ኩባንያ የምትታወቅባት ነጭ የካሜሊያ አበባ የምትሠራው እዚያ ነው። ሴቶች በየቀኑ ባርኔጣ ማድረግ ሲተዉ እንዲህ ያሉ ቤቶች አንድ በአንድ ተዘጉ። ሻኔል ሌማሪዬን በ1996 ገዛው፤ የጥልፉን፣ የባርኔጣውን፣ የአዝራሩንም ቤቶች እንዲሁ በተለያየ ጊዜ ሰበሰበ። ዛሬ 600 የሚያህሉ ባለሙያዎች ፓሪስ ጫፍ ላይ በተሠራላቸው ትልቅ ሕንፃ አንድ ላይ ይሠራሉ። ለጽድቅ ብሎ አይደለም፤ ነጋዴ ነው። ግን ያ እጅ ከጠፋ በገንዘብ ተመልሶ እንደማይገዛ ገብቶታል።

(ላባው ንፁህ ታሪክ ብቻ የለውም፤ ይሄንንም ልንገራችሁ። የዛሬ መቶ ምናምን ዓመት፣ እኛ ከብት እግር ሥር የምናያት የነጯ ወፍ ዘመዶች ለባርኔጣ ሲባል ሊያልቁ ደርሰው ነበር። ላባቸው በሚዛን ከወርቅ የሚበልጥበት ጊዜ ነበር። በመጨረሻ አሜሪካ በ1918፣ እንግሊዝ በ1921 ሕግ አወጡ። ለሕጉ መንገድ የጠረጉት በአብዛኛው ራሳቸው ባርኔጣ አድራጊዎቹ ሴቶች ናቸው።)

ወደ እኛው ልመለስ። አምና ክፍሌ ውስጥ ከአሮጌ ደብተር ወረቀት ጽጌረዳ የሚሠራ ወንድ ልጅ ነበር። በሽቦና በሻይ ውሃ ቀለም ሠርቶ ለበዓል ክፍሉን ሲያስጌጠው አፌን ይዤ ቀረሁ። የክፍል ጓደኞቹ ያወጡለትን ስም እዚህ አልጽፈውም፤ ታውቁታላችሁ። አንድ ትልቅ ሰውም «ይሄን ትተህ አጥና» ብለው ቆጡት። ልጁ ከዚያ ወዲህ ሲሠራ አላየሁትም።

«አጥና» ማለቱ ክፋት የለውም፤ እኔም ቀኑን ሙሉ የምለው ነው። ግን በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት ከመቶ 3.3 ብቻ እንደነበሩ ሁላችንም ሰምተናል። የቀሩትን ምን እንበላቸው? እጃቸው የሚያውቀውን ነገር ደግሞ ቀድመን አሳፍረን አስጥለናቸዋል። ሸማኔውን፣ ሸክላ ሠሪዋን፣ ብረት ቀጥቃጩን «ቡዳ» እያልን የኖርን ሕዝብ ነን። ልብሱን ለብሰን፣ በጀበናዋ ቡና ጠጥተን፣ በማረሻው አርሰን ማለት ነው። ዛሬ ስድቡ ቀነሰ እንጂ «ሰነፍ ተማሪ ወደ ሙያ ይሂድ» የሚለው አነጋገር የዚያው ስድብ የልጅ ልጅ ነው።

አንዳንዱ «እዚህ ባርኔጣ የሚገዛ ማን አለ?» ይለኛል። ልክ ነው፣ ባርኔጣ የለም። ሙሽራ ግን አለች። ሚዜ አለ፣ የምርቃት አዳራሽ አለ፣ የፀጉር ጌጥ አለ። የሙሽራ አክሊልና አበባ ከውጭ በካርቶን እየመጣ ነው የሚሸጠው፤ ገበያ ወጥታችሁ እዩት። ጥልፍና ኪሮሽ የሚችሉ እናቶች በየሰፈሩ ሞልተው፣ ለበዓል የታረደው ዶሮ ላባ ቆሻሻ ላይ እየተጣለ።

ስለዚህ አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። ከቀድሞ ተማሪዎቼ ልብስ ሰፊ የሆናችሁ፣ ዲኮር የምትሠሩ እንዳላችሁ አውቃለሁ። ቁርጥራጭ ጨርቅ፣ የተረፈ ክር፣ ቀጭን ሽቦ አትጣሉብኝ፤ አጠራቅሙልኝ። ከመስከረም ጀምሮ ቅዳሜ ጠዋት አንድ ክፍል እንዲፈቀድልኝ ጠይቄያለሁ፣ መልስ እየጠበቅሁ ነው። መጥቶ ለሁለት ሰዓት የሚያሳያቸው ሰው ካለ በውስጥ መስመር ይጻፍልኝ። ያንን ልጅ ራሴ ሄጄ እጠራዋለሁ።